ዛሬ ቅዳሴ የለም

የደብሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።
ማን ከፈለ ብትሉኝ፣ ማን ቀረ ብትሉኝ፣
መዝገብ ሳልገልጥ ነው በቃሌ የምነግራችሁ፤
ሁለት መቶ አርባ ስም፣ ከነስልካችሁ።
ተራ ቁጥር አንድ ላይ የሰፈረው የኔ ነው፤
ማን ይከለክለኛል? እስክሪብቶው በእጄ ነው።

ይህን ሕንጻ ስንገዛ ከሉተራን ሰዎች፣
የኔ ፊርማ ነው ያለው በሰባቱም ወረቀቶች።
ጉልላት ይቁም ብዬ ለከተማው ያመለከትሁ፣
«ሌባ በዛ፣ በሩ ይቆለፍ» ብዬ ድምፅ ያሰባሰብሁ፣
እኔው ነኝ። ጾም አልሽርም። ነጠላዬ መስቀለኛ ነው፤
«ኪርያላይሶን» ሲባል ድምፄ ከሁሉ በላይ ነው።
ግን ቆሜ ሳስቀድስ (ይህን ለማንም አልተናገርሁ)
የጋዙን ቢል ስደምር ነው ስንቱን አሜን ያልሁ፤
የጣራውን ዕዳ ስቀንስ፣ ወለዱን ሳካፍል፣
አሜኔን እንደ ደረሰኝ እየቀደድሁ ሳድል።

በጥር አንድ እሑድ፣ ዊኒፔግን በረዶ ሲቀብራት አደረ፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤ አውቶቡስ እንኳ ቀረ።
ቄሱ ደወሉና «ልጄ፣ መንገዱ አይቀመስም» አሉኝ፣
«ሰው እንዳይንገላታ በሩ ላይ ለጥፍልኝ።»
ጻፍሁ፣ በትልቁ፦ «ዛሬ ቅዳሴ የለም።»
ማኅተሙን መታሁበት፣ በሰማያዊ ቀለም።

መኪናዬ እየተንፏቀቀች ደጁ ላይ ስትደርስ፣
በረዶው ተዝቋል፣ ከመንገዱ እስከ ደረጃው ድረስ።
ምንተስኖት ነዋ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?
ሌሊት የአሳማ ፋብሪካ ወለል ሲያጥብ ያድራል፣
በዚያው ይመጣል፤ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ይቆማል።
ኮሚቴው ያማዋል፦ «ይሄ ሰው አሳማ አሳማ ይሸታል።»
እኔም አምቼዋለሁ። ከመዝገቤም ላይ የለም፤
አንድም ቀን መዋጮ ብሎ ሳንቲም አልከፈለም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። መብራት ጠፍቷል፤
ማሞቂያው ከምድር ቤት ብቻውን ያጉረመርማል።
ጫማ መደርደሪያው ሥር የማላውቀው ሰው ወድቋል፤
ጢሙ ነጭ ነው፣ በውርጭ። ካልሲው እንደ ቅርፊት ደርቋል።
ምንተስኖት ጃኬቱን፣ ሸሚዙን ከፍቶ እስከ ደረቱ፣
የሰውየውን እግሮች አስገብቶ ከብብቱ፣
እንደ ጫጩት አቅፎ
ዝም ብሏል።
ጸሎት ሲያደርስ እንኳ አልሰማሁም።

እኔ መጀመሪያ ያሰብሁት፣ ምን ልዋሻችሁ፣
ኢንሹራንሱን ነው።
ሰውየው እዚህ ቢሞትብን፣ ማን ሊጠየቅ ነው?
«ቁልፉን ማን ሰጠህ?» አልሁት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።
ቀና አላለም።
«ጋሼ፣ በሩን ዝጋው። ብርድ ይዘህ ገባህ።»

ዘጋሁት። ከውጭ።
ወረቀቴ በእጄ ነበር፤ ሥራ ነው፣ መለጠፍ አለበት።
ፕላስተሩ እምቢ አለ፣ ውርጩ ሙጫውን ገደለበት፤
ይህን ጥግ ስጫነው ያኛው ጥግ ይነሣል፣
አውራ ጣቴ ደንዝዞ የሌላ ሰው መስሏል።
ኋላ ነፋሱ መጣና ከእጄ ላይ ነጠቀኝ፤
«ዛሬ ቅዳሴ የለም» በረዶው ላይ እየተንከባለለ ጥሎኝ
ሄደ፣ እስከ ማቋረጫው። አልተከተልሁትም።

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ። ሁለት መቶ አርባ አንድ አልሁ።
ስሙን ጽፌ ስጨርስ የአባቱን ስም አጣሁ፤
ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅሁ።
ወደ መጀመሪያው ገጽ፣ ተራ ቁጥር አንድ ጋ፣
ተመልሼ አፈጠጥሁ፣ ሰዓቱ እስኪነጋ።
የኔ ስም። በየወሩ የተከፈለ፣ ያለ እንከን።
እስክሪብቶው በእጄ ነው፤ ማንም አይከለክለኝም።
ሌላ ምን እንደማደርግ ሳጣ
ግራ እጄን ከብብቴ ሸጎጥሁት፤
ለራሱም አልሞቀ።